ማክሰኞም ሐሙስም የሚመጣ አሰልጣኝ፦ የስፖርት ክለብ ለጅማ ልጆች የአካልና የአእምሮ ጤና ምን ሊሠራ ይችላል?

የተከበራችሁ የክለብ አመራሮች፣ አሰልጣኞች፣ ተጫዋቾች፣ መምህራንና ወላጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የዛሬው ርእሳችን አንድ የጅማ ስፖርት ክለብ የልጆችን የአካልና የአእምሮ ጤና የሚደግፍ የበጎ አድራጎት ሥራ ሲጀምር ምን ምን ማሟላት እንዳለበት ነው። ብዙ ዝርዝር እናነሳለን፤ ዝርዝሩ ሁሉ ግን የሚያያዘው ከአንድ ጉዳይ ጋር ነው፤ ከቋሚነት ጋር። አንድ ልጅ ማክሰኞና ሐሙስ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሜዳ፣ ስሙን የሚያውቅ ያው አሰልጣኝ እንደሚጠብቀው እርግጠኛ መሆን አለበት። ይህ ከሌለ ኳሱም፣ ማልያውም፣ ባነሩም የአንድ ቀን ደስታ ሆነው ያልፋሉ።

የተለመደውን አሠራር ሁላችንም እናውቀዋለን። በዓል ሲቃረብ ክለቡ ኳስና ማልያ ጭኖ አንድ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ንግግር ይደረጋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ መኪናው ይመለሳል። ርካሽ ኳስ ጠጠር በበዛበት ሜዳ ላይ ዕድሜ የለውም። ማልያውንም ብዙ ጊዜ ጉልበት ያላቸው ትልልቆቹ ይወስዱታል። ሰጪዎቹ ክፉ ሐሳብ የላቸውም። ልጆቹ ግን ከዚህ የሚማሩት ትልልቅ ሰዎች መጥተው የሚሄዱ መሆናቸውን ነው። ቤቱ ሰላም ላጣ ልጅ ደግሞ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ክለብ ሊደግምለት አይገባም።

ሌላው እንቅፋት ምልመላ ነው። ክለብ እንደመሆኑ ዓይኑ ሳያስበው ጎበዙን ይፈልጋል። ስድሳ ልጅ ተሰብስቦ ሃያው ይመረጥና አርባው «በርቱ» ተብሎ ይሸኛል። እንቅስቃሴውን፣ ጓደኝነቱንና የአዋቂ ትኩረቱን አብዝተው የሚፈልጉት ግን ብዙ ጊዜ ከተሸኙት ውስጥ ናቸው። የተመረጡትም ቢሆኑ ሁልጊዜ ተሰጥኦ ያላቸው አይደሉም። የልደት ማስረጃ በሌለበት «ከ13 ዓመት በታች» ተብሎ ሲለይ የምንመርጠው ቀድሞ የተወለደውንና ቀድሞ ያደገውን ነው። ስለዚህ የበጎ አድራጎቱ ሥራ ከታዳጊ ቡድን ምልመላ በሰውም፣ በበጀትም፣ በቀንም መለየት አለበት። ክለቡ መመልመል ከፈለገ በሌላ ቀን ይመልምል።

ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊጉን በተቀላቀለበት ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ዋንጫውን ሲያነሳ የዚህ ከተማ ልጅ ለክለቡ ያለው ፍቅር ምን ያህል እንደሆነ ታይቷል። የክለብ አርማ የለበሰ ሰው ሲናገር ልጅ ይሰማል። ይህን አቅም ጤና ጣቢያም ትምህርት ቤትም በቀላሉ አያገኙትም። ለዚህም ነው ክለቦች በዚህ ሥራ ውስጥ እንዲገቡ የምንወተውተው።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንግባ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብን ከፍ አድርጎ የሚያስመታ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል። በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ደግሞ ጡንቻና አጥንትን የሚያጠነክር መሆን አለበት፤ መዝለል፣ መውጣት፣ መሳብ ማለት ነው። ወደ አእምሮ ጤና ስንመጣ፣ በሰው ሕይወት ከሚከሰቱ የአእምሮ ሕመሞች ሲሶ ያህሉ የሚጀምሩት እስከ 14 ዓመት፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ብዙዎቹ በዚያ ዕድሜ ሳይታወቁ ይቀራሉ። ልጁ «ሰነፍ»፣ «ጠባየ ክፉ» ወይም «ዝምተኛ» ተብሎ ያልፋል።

ስፖርት እንቅልፍን ያስተካክላል፣ ውጥረትን ያረግባል፣ ልጅን ከእኩዮቹ ጋር ያገናኛል። ድባቴን ወይም ከባድ ጭንቀትን ብቻውን ያድናል ማለት ግን አይቻልም፤ እንዲህ ብሎ ለስፖንሰር ቃል መግባትም ተገቢ አይደለም። ከዚህም በላይ ስፖርት ሊጎዳ ይችላል። የሚሳደብ አሰልጣኝ፣ ስህተት የሠራውን በሁሉ ፊት የሚያሸማቅቅ አሰልጣኝ፣ አንዱን ልጅ ዓመቱን ሙሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ አሰልጣኝ ያለበት ፕሮግራም ባይኖር ይሻላል።

ከመጠኑ እንጀምር። በመጀመሪያው ዓመት 40 ልጅ ይበቃል፤ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 13 ቢሆን እንመርጣለን። 200 ልጅ መዝግቦ ስማቸውን ከማያውቅ ክለብ 40 ልጅ መዝግቦ የእያንዳንዱን ቤት የሚያውቅ ክለብ ይበልጣል። ለአሥር ልጅ አንድ አሰልጣኝ፣ በድምሩ አራት ያስፈልጋሉ፤ ከአራቱ ቢያንስ አንዷ፣ ከተቻለ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ። አምስተኛ ሰው በተጠባባቂነት ይያዝ፤ አሰልጣኝ ሲታመም ልምምድ የሚሰረዝ ከሆነ ቋሚነት የምንለው ነገር ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። አሰልጣኞቹ ለትራንስፖርትና ለጊዜያቸው ይከፈላቸው። በነጻ የተጀመረ በጎ ፈቃደኝነት የመጀመሪያ ሰሞን ሞቅ ብሎ ክፍያ ያለው ሥራ ሲገኝ ይቀዘቅዛል። በሰውየው አይፈረድም፤ ተጎጂው ግን ልጁ ነው። ከበጀቱ ትልቁ ድርሻ ለዕቃ ሳይሆን ለአሰልጣኝ መሆን አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ለዚህ ዕድሜ ኳሱ ቁጥር 4 ነው፤ ቁጥር 5 ከ12 ዓመት በላይ ላሉት ስለሆነ ለትንንሾቹ ይከብዳል። ለሁለት ልጅ አንድ ኳስ፣ ማለትም 20 ኳስ ሜዳ ላይ ይውላል፤ አራት ደግሞ መጋዘን ይቀመጣል። ኳሶቹ ቁጥር ይጻፍባቸው፤ ሲወጡም ሲገቡም ይቆጠሩ። ኳስ ከሚበላሽባቸው ምክንያቶች አንዱ ቀላል ነው፤ የመንፊያው መርፌ ሳይረጥብ በደረቁ ሲገባ የአየር መግቢያውን ጎማ ይቀደዋል። መርፌውን ውሃ አስነክቶ ቀስ አድርጎ ማስገባት ነው። መርፌ ቶሎ ስለሚሰበር አሥር ያህል ይገዛ። በሁለት ቀለም ሃያ ሃያ ሰደርያ፣ 40 ኮን፣ አንድ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ክዳን ያላቸው ጀሪካኖች ቧንቧ ተገጥሞላቸው። የብረት ጎል የሚንቀሳቀስ ከሆነ በኋላው በኩል በአሸዋ ጆንያ ወይም በችካል ይታሰር። ልጅ ሲንጠለጠልበት ተገልብጦ ይገድላል።

ልምምዱ ከቀኑ 10 ሰዓት ተጀምሮ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ያልቃል። ከዚያ ካለፈ ሩቅ የሚሄዱት፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ሳይመሽ ቤት አይደርሱም። ሰባ አምስቱ ደቂቃ እንዴት ይከፈል? አሥር ደቂቃ አቀባበል፣ አሥራ አምስት ማሟሟቂያ፣ ሃያ የኳስ ሥራ፣ ሃያ ጨዋታ፣ አሥር ክብ ሠርቶ መቀመጥ። እነዚህን ሁሉ እኩል አናብራራም፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ላይ ግን ቆም እንበል፤ ብዙ ፕሮግራም የሚወድቀው እዚያ ነው።

አቀባበሉ እንዲህ ነው። አንዱ አሰልጣኝ ከልጆቹ ቀድሞ ደርሶ መግቢያው ላይ ይቆማል፤ መዝገቡ በእጁ ነው። እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ጠርቶ፣ ጨብጦ፣ ያስገባል። ልጁ እጁን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ከአንድ እስከ አምስት ጣት ያሳየዋል፤ አምስት «ደህና ነኝ»፣ አንድ «ዛሬ ደህና አይደለሁም» ማለት ነው። ደረት ላይ የሚሆነው ከኋላ ያለው እንዳያይ ነው። አሰልጣኙ ምንም ሳይናገር ቁጥሩን ከስሙ ጎን ይጽፋል። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ አሰልጣኙ ደንግጦ «እንዴ! ለምን አንድ? ማን ነካህ?» ብሎ በሰልፉ ፊት ከጠየቀ ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ አምስት ያሳያል፤ ሌሎቹም ይከተሉታል። ትክክለኛው አንድ ወይም ሁለት ያሳየውን ልጅ ማሰብና ውሃ ሲጠጣ አጠገቡ ሄዶ «ቅድም ሁለት አሳየኸኝ፤ ማውራት ብትፈልግ እዚሁ ነኝ» ማለት ነው። ባይፈልግ መተው። በሦስት ተከታታይ ልምምድ አንድ ወይም ሁለት የሚያሳይ ልጅ ግን ዝም ተብሎ አይታለፍም።

ማሟሟቂያው ሜዳውን ሁለት ዙር መሮጥ አይደለም። ለዚህ ዕድሜ የተዘጋጀ ፊፋ 11 ፕላስ ኪድስ የሚባል አለ፤ ከ7 እስከ 13 ዓመት ላሉ ልጆች፣ ሰባት እንቅስቃሴ ያለው ነው። በአንድ እግር ሚዛን መጠበቅ፣ ዘሎ ጉልበትን አጥፎ ማረፍ፣ በእጅና በእግር ጣት ሰውነትን መደገፍ፣ ተንከባልሎ መውደቅ ይገኙበታል። በአውሮፓ አራት አገሮች ተሞክሮ ጉዳትን በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ሳይቋረጥ በተደጋጋሚ ሲሠራ ውጤቱ የበለጠ ነው። አሰልጣኙ ማየት ያለበት ልጁ ሲያርፍ ጉልበቱ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ ነው።

ጨዋታው አራት ለአራት ወይም አምስት ለአምስት፣ በግምት 30 በ20 ሜትር በሆነ ሜዳ ይሁን። በአሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ደካማው ልጅ ኳስ ሳይነካ ይውላል፤ በአራት ለአራት ግን መደበቂያ የለውም፣ ኳስም ይደርሰዋል። ተቀያሪ ወንበር የለም። ውጤት ይቆጠር፤ ልጆች ይወዱታል። ግን ቡድኖቹ በየሳምንቱ ይደባለቁ።

መጨረሻ ላይ ሁሉም ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ አሰልጣኙም መሬት ላይ ይቀመጣል። አንድ ጥያቄ ብቻ ይነሳል፤ «ዛሬ ማን ነው የረዳህ?» ወይም «ስትናደድ ምን ታደርጋለህ?» ዓይነት። ያልፈለገ ያልፋል። አሰልጣኙ ምክር ለመስጠት እየቸኮለ ሐሳቡን ካቋረጠው ልጆቹ ወዲያው ይዘጋሉ። ልጆቹ በሚቀላቸው ቋንቋ ይናገሩ፤ ጅማ ውስጥ ይህ አፋን ኦሮሞም አማርኛም ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱን የማይሰማ አሰልጣኝ ቢያንስ ከሚሰማ ጋር ይጣመር። ለወላጅ የሚላክ ወረቀትም በሁለቱም ቋንቋ ይዘጋጅ።

በሳምንት ሁለት ጊዜ 75 ደቂቃ በቀን 60 ደቂቃ የሚለውን እንደማይሞላ ልብ በሉ። ስለዚህ ልጆቹ ሰፈር ወስደው ያለ ኳስ የሚጫወቷቸውን ጨዋታዎች መማር አለባቸው። ገመድ ዝላይና ሰኞ ማክሰኞ ለአጥንትም ለልብም ትልቅ ጥቅም አላቸው፤ ወጪም የላቸውም።

የጅማን የአየር ጠባይ የረሳ የልምምድ ፕሮግራም አይሰነብትም። እዚህ ዝናብ ብርቅ አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ የሚጥለውም ብዙ ጊዜ መብረቅ ያዘለ ነው። ደንቡ ይህ ይሁን፤ ብልጭታው ታይቶ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ሁሉም ወደ ቤት ውስጥ ይገባል፤ ወደ ዛፍ ሥር አይደለም። መመለስ የሚቻለው የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሲያልፍ ነው። ከትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ጋር አንድ ክፍል አስቀድሞ በጽሑፍ ይያዝ። ዝናብ ሲመጣ ልምምዱ አይሰረዝም፤ ቦታው ይቀየራል። ልጁ በዝናብ መጥቶ ሰው ካጣ ሐሙስ አይመጣም።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ቡና ለቀማ አለ። በከተማው ዳርና በዙሪያው ወረዳዎች ያሉ ብዙ ልጆች ቤተሰባቸውን ለማገዝ ይቀራሉ። «ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዛል» የሚል ደንብ ያለው ፕሮግራም በዚህ ወቅት በትክክል ችግረኞቹን ያባርራል። በመዝገቡ ላይ ለቀሪ ልጅ ምልክት ይኑር፤ «ቡና»፣ «ሕመም»፣ «ጾም»፣ «ያልታወቀ»። የሚያስጨንቀን አራተኛው ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ ሁለት ጊዜ የቀረ ልጅ ቤት ይደወላል፤ ሦስተኛ ከቀረ ሁለት አሰልጣኞች አብረው ቤቱ ይሄዳሉ። ለለቃሚዎቹ የእሁድ ጠዋት ልምምድ መክፈትም ይቻላል።

ከክረምት መውጫ ጀምሮ እስከ ኅዳር ወባ ይበረታል። ትኩሳት ያለበት ልጅ «ላብ ሲያወጣ ይሻለዋል» ተብሎ አይሮጥም፤ በዚያው ቀን ደሙ ይመርመር። በረመዳን የሚጾሙ ልጆች ካሉ ልምምዱ ያጥራል፣ ሩጫው ይቀንሳል፤ ሰዓቱ ከወላጆች ጋር ተመክሮ ይወሰናል። በክርስቲያን አጾማትም ምሳ ሳይበላ የሚመጣ ልጅ ይኖራል። ልጆቹን «ለምን ትጾማላችሁ» ብሎ መከራከር የአሰልጣኝ ሥራ አይደለም፤ ድካማቸውን አይቶ ጫናውን መቀነስ ነው።

ምግብን በተመለከተ አንድ ሙዝና አንድ ዳቦ ይበቃል። ለአርባ ልጅ አርባ ሙዝ ጅማ ውስጥ አይቸግርም፤ አቮካዶም በወቅቱ ርካሽ ነው። ምሳ ሳይበላ የመጣ ልጅ ከልምምዱ በፊት ቢበላ ይሻላል፤ ባዶ ሆድ መሮጥ ራስ ያዞራል። ግን «ያልበላችሁ እጃችሁን አውጡ» አይባልም። ለሁሉም እኩል ይሰጣል፤ ችግረኛውን ለይቶ መስጠት ርቦትም ቢሆን እንዳይቀበል ያደርገዋል። የመጠጥ ውሃው የታከመ፣ ለአንድ ልጅ ለአንድ ልምምድ ግማሽ ሊትር ገደማ ታስቦ ይቀዳ። ሁለቱም ጀሪካኖች ከሞሉ ለእጅና ለቁስል መታጠቢያም ይተርፋል። ኩባያ በጋራ አይጠጣበት።

ከጨዋታ በኋላ ልጆች ወደ አዌቱ ወንዝ ወርደው እግራቸውን መታጠብ ይወዳሉ። በከተማችን ወንዞች ዳርቻ በሚኖሩ ሰዎች ላይ የአንጀት ቢልሃርዚያ መኖሩ በጥናት ተረጋግጧል። ተውሳኩ ከውሃ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ነው የሚገባው፤ ልጁ ውሃውን ባይጠጣም ይይዘዋል። ስለዚህ መታጠቢያው ሜዳው ላይ ይሁን፤ ጀሪካንና ሳሙና። ባዶ እግር መጫወትም እንዲሁ፤ በሰገራ በተበከለ አፈር ውስጥ ያሉ የአንጀት ትላትሎች በእግር ቆዳ ይገባሉ፣ ምስማርና ጠርሙስም ይቆርጣል። ጫማ ለሁሉም መግዛት ካልተቻለ ክለቡ በልክ በልኩ የተቀመጠ የጫማ መጋዘን ይክፈትና ልጁ ለልምምድ ተውሶ ይመልስ፤ ካልሲ ግን የየግል ይሁን። የትላትል መድኃኒት በትምህርት ቤቶች የሚታደለው በጤና ባለሙያዎች ነው፤ ክለቡ ራሱ ክኒን አያድልም። የክለቡ ድርሻ የማደያው ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቆ ልጆቹ እንዳይቀሩ ማድረግ ነው።

ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ በዚያ ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስም፤ «ደህና ነኝ» ቢልም። ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከተምታታበት፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም እንቅልፍ ካሸነፈው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሄዳል። ምልክት ባይኖርም ለወላጅ በቃል ሳይሆን በወረቀት ይነገር፤ አንድ ሁለት ቀን ይረፍ፣ መጀመሪያ ወደ ትምህርቱ፣ ቀጥሎ ወደ ቀላል ሩጫ፣ ወደ ግጭት ያለበት ጨዋታ ግን ባለሙያ ካየው በኋላ ይመለስ።

የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆች ከጨዋታ የሚገለሉት በፍርሃት ነው። መድኃኒታቸውን በትክክል የሚወስዱ ልጆች ኳስ መጫወት ይችላሉ። ሜዳ ላይ ሕመሙ ከተነሳበት አሰልጣኙ ሰዓቱን ያይ፣ ከራሱ ሥር ልብስ ያድርግለት፣ በአካባቢው ያለውን ስለታም ነገር ያንሳ፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ ያስተኛው። ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ መክተት፣ አጥብቆ መያዝ ይጎዳዋል እንጂ አይረዳውም። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል። ይህን ለሁሉም ልጆች አስቀድሞ ማስተማር ፍርሃቱን ያጠፋል፤ ልጁም «ይተላለፋል» ተብሎ ከጓደኞቹ አይነጠልም።

አሁን ወደ አእምሮ ጤናው እንምጣ። አሰልጣኝ ሐኪም አይደለም፤ እንዲሆንም አንጠይቅም። ሦስት ነገር ብቻ ይጠበቅበታል፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ማየት ማለት ለውጥን ማስተዋል ነው። ተጫዋች የነበረ ልጅ ዳር መቀመጥ ሲጀምር፣ በትንሽ ነገር ሲገነፍል፣ ልምምድ ላይ ሲያንቀላፋ፣ ክብደት ሲቀንስ፣ ሰውነቱ ላይ ጉዳት ሲታይ ማለት ነው። ልጆች «ተጨንቄአለሁ» አይሉም፤ «ሆዴን ቆረጠኝ»፣ «ራሴን አመመኝ» ይላሉ። ሆድ ቁርጠቱ በመጀመሪያ እንደ ሆድ ቁርጠት ይታይ፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ምንም ካልተገኘና ከተመላለሰ ግን ሌላውን መጠየቅ ነው።

ማዳመጥ ላይ የእኛ ልማድ ያስቸግረናል። «አይዞህ፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም»፣ «እግዚአብሔርን አመስግን፣ ከአንተ የባሰ አለ» እንላለን። ከፍቅር ነው፤ ልጁ የሚሰማው ግን «ዝም በል» ተብሎ ነው። ምትኩ አጭር ነው፤ «ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ማን ቢያውቅልህ ትፈልጋለህ?» አሰልጣኙ «ለማንም አልናገርም» ብሎ መማል የለበትም። አደጋ ካለ መናገሩ አይቀርም፤ ያኔ ልጁ እንደተከዳ ይቆጥረዋል። «ደህንነትህን የሚነካ ከሆነ ለሚረዳህ ሰው እነግራለሁ፤ ለአንተ ሳልነግርህ ግን አላደርገውም» ይበለው። ልጁ መሞት እንደሚፈልግ ከጠቆመ በቀጥታ ይጠየቅ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ብቻውን አይተውም።

ማገናኘት እንዲቻል መስመሩ ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት መዘርጋት አለበት። በአንድ ገጽ ላይ፤ የአቅራቢያው ጤና ጣቢያ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል፣ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ፖሊስ። ከእያንዳንዱ ስልክና የሚያነጋግር ሰው ይያዝ፤ ክለቡም አስቀድሞ በአካል ሄዶ ይተዋወቅ። ወላጅን በስም ብቻ «ሆስፒታል ውሰዱት» ማለት ብዙ ጊዜ አይሠራም። የአእምሮ ሕክምና የሚለው ቃል ራሱ ያስደነግጣል፤ የመጀመሪያውን ቀን አንድ ሰው አብሮ ቢሄድ ግን ይሠራል። ወላጅ ልጁን ጠበል ወይም ዱዓ እየወሰደው ከሆነ አንከራከርም። «እሱንም ሳትተዉ ሐኪምም ይየው» እንላለን። መድኃኒት የጀመረ ልጅ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ግን አጥብቀን እንናገራለን።

የልጆች ደህንነት ደንብ ለድርድር አይቀርብም። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ማንም በማያይበት ቦታ አይሆንም፤ ቢሮ ውስጥም፣ መኪና ውስጥም፣ መጸዳጃ አጠገብም። ለማውራት ሲፈለግ ሌላ ሰው ከሩቅ በሚያይበት፣ ግን በማይሰማበት ቦታ ይቀመጣሉ። አሰልጣኝ ከመቀጠሩ በፊት ሁለት ምስክሮች በስልክ ይጠየቁ፤ ቀደም ሲል ከልጆች ጋር የሠራበት ቦታ ካለ ለምን እንደለቀቀ ይጣራ። ቅሬታ የሚቀበለው ሰው ከክለቡ ውጭ ያለ ይሁን፤ ጥርጣሬ በ24 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይደርሰው። «የክለቡ ስም ይጠፋል» ተብሎ ነገር የሚዳፈንበት ቦታ ልጅ ይጎዳል። ሌላም እንጨምር፤ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤቶችና በሚንከባከቧቸው ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት ሰጥቷቸዋል። ኩርኩም ብቻ አይደለም፤ ፀሐይ ላይ ማንበርከክና እስኪወድቅ ማስሮጥም ቅጣት ነው። ጫት ቅሞ የመጣ አሰልጣኝም ያን ቀን ልጆች ፊት አይቆምም።

ሴት ልጆችን በተመለከተ ምዝገባው ለእነሱ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይከፈት። በአንድ ቀን ከተከፈተ ወንዶቹ ቀድመው ይሞሉትና ክለቡ «ሴት አልመጣም» ይላል። ከአርባው ሃያ ቦታ ይያዝላቸው። የሚቀሩት ብዙ ጊዜ 12 እና 13 ዓመት ላይ ነው፤ የወር አበባ፣ መንገድ ላይ የሚለክፏቸው ወጣቶች፣ የቤት ሥራ። ለመጀመሪያው የንጽሕና መጠበቂያ ሴት አሰልጣኟ ዘንድ ሳይጠየቅ በሚወሰድበት ቦርሳ ይቀመጥ፤ ለሁለተኛው በየሰፈራቸው ተቧድነው አብረው ይሂዱ፤ ጅሬን የሚወጡት ከጅሬን፣ በቾ ቦሬ የሚሄዱት ከበቾ ቦሬ። ለሦስተኛው እናትየዋን ማነጋገር ነው፤ ሰዓቱ ቋሚ መሆኑን ካወቀች ብዙ ጊዜ ታመቻቻለች። ሱሪና ሒጃብ ለብሰው የሚጫወቱ ልጆች እንዲሁ ይጫወቱ፤ ሒጃቡ መርፌ ቁልፍ ሳይኖረው ይጠበቅ እንጂ።

ገንዘቡ በተለየ የባንክ ሒሳብ ይያዝ። ክለቡ ለዚህ ሥራ ራሱን የቻለ ድርጅት ካቋቋመ የሚገዛው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው፤ አዋጁ ለአስተዳደር የሚውለው ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ገቢውን ከአንድ ስፖንሰር ብቻ መጠበቅ አደገኛ ነው፤ ከክለቡ የውጤት ደረጃ ጋር ማሰርም እንዲሁ። ተጫዋቾች ከደሞዛቸው ትንሽ በመቶኛ እንዲያዋጡ ማድረግ በሌላው ዓለም ተሞክሯል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የስፔኑ እግር ኳስ ተጫዋች ሁዋን ማታ ያስጀመረው ኮመን ጎል የተባለ ንቅናቄ አንድ በመቶ ነው የሚጠይቀው። ናይሮቢ ማታሬ ውስጥ በ1987 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የወጣቶች ስፖርት ማኅበር ደግሞ ሰፈሩን ያጸዱ ቡድኖች በሊጉ ሰንጠረዥ ላይ ነጥብ እንዲያገኙ አድርጓል። ገንዘብ አልጠየቀም፤ ልጆቹን ግን የሰፈራቸው ባለቤት አደረጋቸው።

ታዋቂ ተጫዋች ሲመጣ ንግግር እንዲያደርግ አንፈልግም። በወር አንድ ጊዜ መጥቶ ማሟሟቂያውን አብሮ ይሥራ፣ ክቡ ላይ መሬት ይቀመጥ፣ ሲጨንቀው ምን እንደሚያደርግ ለልጆቹ ይንገር። እመጣለሁ ብሎ ከሚቀር ባይነገር ይሻላል፤ ስለዚህ መምጣቱ አስቀድሞ ለልጆች አይታወጅ። የልጅ ፎቶ ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ አይለጠፍ፤ ከችግሩ ጋር ተያይዞማ በፈቃድም ቢሆን አይለጠፍ።

ሥራው መሥራቱን በምን እናውቃለን? በዋንጫ አይደለም። ዋናው መለኪያ መዝገቡ ነው፤ ከተመዘገቡት ስንቱ ከስድስት ወር በኋላ አለ? ከወጡት ውስጥ ሴቶች ስንት ናቸው? በአቀባበሉ ላይ በጣቶቻቸው ዝቅተኛ ቁጥር ካሳዩት ስንቶቹን ሰው አነጋገራቸው? የተላኩት ስንቶቹ ጤና ተቋም ደረሱ? ከዚህ በተጨማሪ የዓለም ጤና ድርጅት አምስት ጥያቄ ያለው የደህንነት መጠይቅ አለው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት የነበረን ስሜት ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5፣ ድምሩ ከ25 ነው። ከ13 በታች ያመጣ ልጅ ቀረብ ተብሎ ይነጋገር። መጠይቁ ሕመም መለያ አይደለም፣ ለወላጅ እንደ ፈተና ውጤትም አይሰጥም። ሲጀመር፣ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ይሞላ። ማንበብ ለሚቸግረው ብቻውን ይነበብለት። ወረቀቱ ቁልፍ ባለው ሳጥን ይቀመጥ፤ አሰልጣኞች ካፌ ላይ ስለ ልጅ ውጤት የሚያወሩበት ፕሮግራም በሁለት ሳምንት እምነቱን ያጣል።

የመጨረሻው ጉዳይ ማቆም ነው፤ ሲጀመር ሊታሰብበት ይገባል። ገንዘብ ሊያልቅ፣ ክለቡ ሊቸገር ይችላል። ያኔ ልጆቹ አንድ ማክሰኞ መጥተው ባዶ ሜዳ እንዳያገኙ ከስድስት ሳምንት በፊት ይነገራቸው፤ ምክንያቱም ይነገራቸው፤ አለዚያ ጥፋቱን ከራሳቸው ይፈልጋሉ። በባለሙያ እየታዩ ያሉ ልጆች ክትትላቸው ለማን እንደተላለፈ በስም ይጻፍ። በስድስቱ ሳምንት ውስጥ ከትምህርት ቤቱ አንድ የስፖርት መምህር ከአሰልጣኞቹ ጋር አብሮ ይሥራና ልምምዱን በሳምንት አንድ ቀንም ቢሆን ይረከብ። ኳሱ፣ ኮኑና የጫማው መጋዘን በዝርዝር ተፈርሞ ለትምህርት ቤቱ ይሰጥ። የልጆቹ የግል መረጃ ግን አብሮ አይሰጥም፤ የጤና ጉዳይ ያለበት ለጤና ባለሙያው ብቻ ይተላለፍ፣ የቀረው ይቃጠል።